ሁልበት መረቅን በዘመኑ ዕቃ ማዘጋጀት፦ አብሹን ከመዘፍዘፍ እስከ ገበታ

ባደግሁበት የሐረር ጁገል መንደር ዓርብ ረፋዱ ላይ ከጎረቤታችን ወጥ ቤት አንድ ድምፅ ሳይቋረጥ ይሰማ ነበር፤ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በእጅ የሚመታ የአብሽ ድምፅ። ጎረቤታችን የነበሩት ሐረሪ እናት ሳህኑን ጭናቸው ላይ አስደግፈው ያንን ዝልግልግ ነገር ለግማሽ ሰዓት ያህል ይመቱታል፤ እኛ ልጆቹም ቀለሙ ከቡናማ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫም ወደ ነጭ ሲለወጥ ዓይናችንን ሳንነቅል እናይ ነበር። ያ ነጭ አረፋ ትኩስ የስጋ መረቅ ላይ ሲደፋ ሁልበት መረቅ ይባላል። ዛሬ ይህንኑ ምግብ በራሴ ወጥ ቤት የማዘጋጀው በኤሌክትሪክ የእጅ ሚክሰርና በፕሬዠር ኩከር ሲሆን፣ ሁለቱም ክንድና ነዳጅ ስለሚቆጥቡ ምስጋናዬ ትልቅ ነው። ሆኖም አብሹ ውሃ ውስጥ የሚያድርበትን ሌሊት የሚያሳጥር ማሽን እስካሁን አላገኘሁም፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የማስረዳው ምግቡን ብቻ ሳይሆን የትኛው ሥራ ለማሽን እንደሚሰጥና የትኛው ለጊዜ እንደሚተው ጭምር ነው።

ሁልበት በሐረሪ ቋንቋ አብሽ ማለት ነው፤ በዐረብኛም ሑልባ ይባላል። በየመንም አብሽን መትቶ በስጋ መረቅ ላይ የማቅረብ ልማድ አለ፤ ሐረር በዘይላ ወደብ በኩል ከቀይ ባሕር ማዶ ጋር ለዘመናት ስትነግድ የኖረች ከተማ በመሆኗ የሁለቱ ምግቦች ዝምድና አያስገርምም። በሐረር እያንዳንዱ ቤት የየራሱ አሠራር አለው፤ ሎሚ የሚያበዛ አለ፣ ቲማቲም ጨርሶ የማይጨምር አለ፣ መረቁን የሚያወፍርም የሚያቀጥንም አለ። እኔ የምጽፈው ከጎረቤታችን አይቼ የተማርሁትንና በኋላ ከዘመኑ ዕቃ ጋር ያስማማሁትን መንገድ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለስድስት ሰው ለሚበቃ ገበታ 40 ግራም የአብሽ ዱቄት ያስፈልጋል፤ ይህም አራት ደልደል ያሉ የሾርባ ማንኪያዎች ያህል ነው። ላልለመደ ሰው መጠኑ ያንሳል፤ አብሽ ግን ውሃ ሲጠጣና ሲመታ እጅግ ስለሚያብጥ ከዚህ በላይ መጨመር መረቁን ያሸንፈዋል። ለመረቁ 1 ኪሎ ከነአጥንቱ ያለ የበግ፣ የፍየል ወይም የበሬ ስጋ፣ ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ ስድስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል፣ ሁለት የበሰሉ ቲማቲሞች፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ከሙን፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨውና 1 ሊትር ተኩል ውሃ ይዘጋጃል። ለዳጣው አምስት አረንጓዴ ቃሪያ፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ እፍኝ የድንብላል ቅጠልና ሎሚ ይበቃል። ሎሚ ሦስት ወይም አራት ቢያዝ መልካም ነው፤ አብሹም ዳጣውም ይፈልጉታል።

ስጋውን በተመለከተ ቅልጥም ወይም የትከሻ ስጋ እመርጣለሁ። ለስላሳው የጭን ስጋ ብቻውን ሲበስል ይደርቃል፤ መረቁንም ውሃ ውሃ ያደርገዋል። አጥንትና ጅማት ያለው ስጋ ግን ቀስ ብሎ መረቁን ያወፍራል፤ አብሹ የሚደገፈውም በዚህ ወፍራም መረቅ ላይ ነው።

ስለ ሚክሰሩና ስለ ብሌንደሩ

የእጅ ሚክሰር የምንለው ሁለት የሽቦ መምቻ ያለውንና በአንድ እጅ የሚያዘውን ማሽን ነው። ኃይሉ ከ200 እስከ 400 ዋት ቢሆን ለዚህ ሥራ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ መክፈል አያስፈልግም። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያም ሆነ ሐረር ስትገዙ ከማሽኑ ሥር የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳታነቡ ገንዘብ አትስጡ። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ለ110 ቮልት የተሠራ ማሽን ያለ መቀነሻ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ሌላው ብዙ ሰው የማያነበው ነገር ማሽኑ ያለ ዕረፍት የሚሠራበት የደቂቃ ልክ ነው። ብዙዎቹ የእጅ ሚክሰሮች ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ በተከታታይ እንዲሠሩ አልተሠሩም፤ ስለዚህ አራት ደቂቃ መትቶ ሁለት ደቂቃ ማሳረፍ ሞተሩን ዕድሜ ይሰጠዋል።

ብሌንደር ለዳጣው እንጂ ለአብሹ አይሆንም። ምላጩ ከታች ሆኖ ዝልግልጉን አብሽ መሐሉን ብቻ ሰርስሮ ይሽከረከራል፤ ዳር ዳሩ ያለው ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ አየርም እምብዛም አይገባውም። ከዚህም በላይ ምላጩ አብሹን ያሞቀዋል፤ ሙቀት ደግሞ፣ ከታች እንደማስረዳው፣ የአብሽ አረፋ ዋና ጠላት ነው።

አብሹን መምረጥና መፍጨት

ሸዋ በር ገበያ ወይም ድሬዳዋ ቀፊራ ብትሄዱ አብሽ በፍሬም በዱቄትም ይገኛል። እኔ ሁልጊዜ ፍሬውን እገዛለሁ፤ ምክንያቱም ለበርበሬና ለሽሮ የሚዘጋጀው አብሽ ብዙ ጊዜ የታመሰ ስለሆነ ለዚህ ምግብ አይሆንም። የታመሰ አብሽ ሲመታ እንደሚፈለገው አይነጣም፤ የመታመስ ሽታውም መረቁን ይጫነዋል። ጥሩ ፍሬ ወርቃማ ቢጫ፣ አራት ማዕዘን የሚመስልና መሐሉ ላይ የተሰነጠቀ መሥመር ያለው ነው። በጥርስ ሲሞከር እንደ ጠጠር ይጠነክራል፤ ይህ ጥንካሬም በመፍጨቱ ላይ ችግር ያመጣል።

ፍሬውን ለቅሞ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ አንድ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ማስጣት ያስፈልጋል። ከዚያ በኤሌክትሪክ የቅመም መፍጫ በትንሽ በትንሹ፣ በአንድ ጊዜ ከሦስት የሾርባ ማንኪያ ሳይበልጥ፣ አሥራ አምስት ሰከንድ እያስፈጩ ትንሽ እያሳረፉ መፍጨት ነው። በደንብ ከደቀቀ በኋላ በደቃቅ ወንፊት ይነፋል፤ ወንፊት ላይ የቀረው ሻካራ ክፍል ተመልሶ ይፈጫል። ወንፊቱን መዝለል አይገባም፤ ሳይደቅ የቀረ ቅንጣት በማግሥቱ አረፋው ውስጥ እንደ አሸዋ ጥርስ ላይ ይሰማል። የቡና መፍጫን ለዚህ ሥራ መጠቀም ግን አልመክርም። የአብሽ ሽታ በቀላሉ ስለማይለቅ የሐረርን ቡና በዚያው መፍጫ መፍጨት ለቡናው በደል ነው። መጠኑ ብዙ ከሆነ ወፍጮ ቤት መውሰድ ይቻላል፤ ሆኖም ከእናንተ በፊት በርበሬ አለመፈጨቱን አረጋግጡ።

ሌሊቱ

ከዚህ በኋላ ያለው የምግቡ መሠረት ነው። ለእሑድ ምሳ የምታዘጋጁ ከሆነ ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ዱቄቱን ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ቀስ እያላችሁ እየጨመራችሁ በማንኪያ አማስሉት። ውሃው በአንድ ጊዜ ከተደፋ ዱቄቱ ይጓጉላል፤ የጓጎለ አብሽ ከውጭ ዝልግልግ ከውስጥ ደረቅ ሆኖ ስለሚያድር በማግሥቱም አይፈታም። በደንብ ከተማሰለ በኋላ ክዳን ገጥማችሁ ተዉት።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ከመተኛታችሁ በፊት፣ ክዳኑን ብትከፍቱ ሁለት ነገር ተለይቶ ታያላችሁ። ከታች አብሹ እንደ ላላ ሊጥ አብጦ ተቀምጧል፤ ከላይ ቢጫ፣ ትንሽ አረፋ የያዘ ውሃ ተንሳፍፏል። በጣታችሁ ነክታችሁ ያንን ውሃ ብትቀምሱት ምላስ ላይ የሚቆይ ምሬት አለው። የአብሽን ምሬት ከሚሰጡት ነገሮች ብዙዎቹ በውሃ የሚሟሙ ስለሆኑ ምሬቱ ወደ ውሃው እየወጣ ነው ማለት ነው። ሳህኑን ሳታናውጡ በቀስታ አዘንብላችሁ የላዩን ውሃ ድፉት፤ ሊጡ ሊከተል ሲጀምር አቁሙ። ሌላ 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩና አማስላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ሐረር ሌሊቱ ቀዝቀዝ ስለሚል ጠረጴዛ ላይ ቢያድርም ብዙ ጊዜ ችግር አያመጣም፤ ድሬዳዋ ሙቀቱ በሚበረታባቸው ወራት ግን ከፍሪጅ ውጭ ያደረ አብሽ ይኮመጥጣል።

እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውሃውን ለሁለተኛ ጊዜ ድፉና አዲስ ቀይሩ፤ 3 ሰዓት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ድፉት። በሦስተኛው ጊዜ የሚደፋው ውሃ ከመጀመሪያው ይልቅ የጠራ ነው፤ ምሬቱም እጅግ ቀንሷል። ውሃው አሁንም ከመረረ አንድ ጊዜ ጨምሮ መቀየር ነው እንጂ ምሬቱን በሎሚ እሸፍነዋለሁ ብሎ ማለፍ አይጠቅምም።

ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። ሚክሰሩን በገዛሁበት ሰሞን ማሽኑ ጊዜ የሚቆጥብልኝ መስሎኝ፣ እንግዳ በጠራሁበት ቀን ዱቄቱን ጠዋት በሞቀ ውሃ ለአንድ ሰዓት ብቻ ዘፍዝፌ መምታት ጀመርሁ። አሥራ አምስት ደቂቃ ብመታውም ቀለሙ ከቡናማነት አልወጣም፤ መምቻው ሲነሣ እንደ ሙጫ እየተጎተተ ይከተላል፤ ጣዕሙም ጉሮሮ የሚይዝ መራራ ነበር። ጎረቤታችን ቀምሰው ስንት ጊዜ ውሃ እንደደፋሁ ብቻ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸውም ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ገባኝ። ማሽኑ የተካው የእሳቸውን ክንድ ብቻ ነበር፤ እሳቸው ግን ክንዳቸውን የሚያነሡት ሌሊቱ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው።

መረቁን በፕሬዠር ኩከር ማብሰል

አብሹ የመጨረሻውን ውሃ እንደያዘ መረቁ ይጀመራል። ስጋውን እጠቡና ድስት ውስጥ ውሃ ጨምራችሁ አንድ ጊዜ እስኪፈላ ጠብቁ፤ በላዩ የሚሰበሰበውን ግራጫ አረፋ በጭልፋ ቅፈፉና ስጋውን አውጥታችሁ ውሃውን ድፉት። ፕሬዠር ኩከሩን ክዳኑን ሳትገጥሙ እሳት ላይ አድርጉና በዘይቱ የተከተፈውን ሽንኩርት ወርቃማ እስኪሆን አቁላሉ። እንደ ዶሮ ወጥ ቁሌት እስኪጠቁር መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሁልበት መረቅ መልክ ፈዘዝ ያለ ነው። የተወቀጠውን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ቀጥሎ እርዱንና ከሙኑን፣ ከዚያም ቲማቲሙን ጨምሩ። ቲማቲሙ ሲፈርስ ስጋውን፣ ጨውና 1 ሊትር ተኩል ውሃ አድርጋችሁ ክዳኑን ግጠሙ። የድስቱ ይዘት ከሁለት ሦስተኛው ማለፍ የለበትም፤ ከሞላ መረቁ ወደ እንፋሎት መውጫው ገብቶ ይዘጋዋል። ከመግጠማችሁ በፊት ጎማው እንዳልተሰነጠቀና እንፋሎት መውጫው በብርሃን ሲታይ ክፍት እንደሆነ መመልከትን ልማድ አድርጉት።

ይህ ድስት በሐረር ልዩ ጥቅም አለው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ድሬዳዋ ደግሞ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውሃ ከፈላ በኋላ እሳት ብንጨምርም ሙቀቱ ስለማይጨምር ቅልጥም በተራ ድስት ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ፕሬዠር ኩከሩ እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ በውስጡ ያለው ሙቀት በሐረርም ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ ጅማቱም ቶሎ ይሟሟል። እንፋሎቱ መንፋት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ ለበግና ለፍየል 25 ደቂቃ፣ ለበሬ ቅልጥም 40 ደቂቃ ቁጠሩ። በምሥራቁ አገር የተለመደውን የግመል ስጋ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ በተለይ ያረጀ ከሆነ፣ ከዚያም በላይ ጨምሩ።

እሳቱ ከጠፋ በኋላ የእንፋሎት መውጫውን በማንኪያ ቀና አድርጎ እንፋሎቱን በችኮላ ማስወጣት አይገባም። በራሱ ጊዜ እስኪበርድ 15 ደቂቃ ተዉት፤ ሲለቀቅ ስጋው መረቁን መልሶ ይጠጣል፤ ትኩስ መረቅም በክዳኑ አይረጭም። ክዳኑን ከፍታችሁ ስጋውን ከአጥንቱ ለዩና በጣት የሚያዝ ያህል ገነጣጥሉት፤ መረቁን ደግሞ ክዳን ሳትገጥሙ ግማሹ ያህል እስኪቀር አፍሉት። በመጨረሻ ኮረሪማውንና ቁንዶ በርበሬውን ጨምራችሁ ስጋውን መልሱበት።

በጾም ወቅት ይህንኑ አሠራር ያለ ስጋ መከተል ይቻላል፤ አብሹ ራሱ የጾም ነውና። ድንች፣ ካሮትና ቲማቲም በብዛት በሽንኩርትና በተመሳሳይ ቅመም ይበስላሉ፤ ከድንቹ ግማሹን መረቁ ውስጥ መፍጨት ውፍረቱን ይተካል። በፕሬዠር ኩከር ስምንት ደቂቃ ይበቃዋል።

ዳጣው

ቃሪያውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ የድንብላሉን ቅጠል፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂና ጨው ብሌንደር ውስጥ አድርጋችሁ ለአፍታ አስፈጩት። ልሞ እንደ ጭማቂ እንዳይሆን ቁልፉን እየተጫናችሁ እየለቀቃችሁ ፍጩ። ሙቀጫ ያለው ሰው በሙቀጫ ቢወቅጠው የተሻለ ይሆናል።

አብሹን መምታት

ሁሉም ነገር ለመቅረብ ሲቃረብ፣ ከምሳ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ አብሹ ይመታል። ሳህኑንና የሚክሰሩን መምቻዎች አስቀድማችሁ ለሩብ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። አብሽ ውሃ ሲጠጣ የሚዝለገለገው በፍሬው ውስጥ ባለው ሙጫ መሰል ክፍል ነው፤ አየሩን በትንንሽ አረፋ ከብቦ የሚይዘውም ይኸው ነው። ይህ ሙጫ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፣ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ በቀጠነ ጊዜ አረፋው እንደገባ ይወጣል።

ከላይ ዳግመኛ የተለየ ውሃ ካለ ድፉና የቀረውን ሊጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ያህል ብቻ ይዞ በቀዘቀዘው ሳህን ላይ ገልብጡት። ከሳህኑ አንድ አራተኛ በላይ መያዝ የለበትም፤ ሲያብጥ ቦታ ይፈልጋል። ሚክሰሩን በዝቅተኛው ፍጥነት አስነሡና መምቻዎቹን ከሳህኑ ግርጌ እስከ ዳር ቀስ እያላችሁ አዙሯቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ምንም የተለወጠ አይመስልም፤ ሊጡ ከመምቻው ጋር ይጎተታል፣ ሞተሩም ድምፁን ይለውጣል። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ዳር ዳሩ ፈዘዝ ማለት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ፍጥነቱን መካከለኛ አድርጉና አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሩ፤ ነጭነቱ ወዲያው ሲጎላ ታያላችሁ። ከዚያ በየደቂቃው አንድ የሾርባ ማንኪያ እጅግ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ቀጥሎ ሌላ የሻይ ማንኪያ ሎሚ፣ እንዲህ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። ውሃውን አንድ ላይ መጨመር የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ ሊጡ ካልጠጣው ውሃው በሳህኑ ግርጌ ተለይቶ ይቀራል።

አራት ደቂቃ ከተመታ በኋላ ማሽኑን አሳርፉ። ስትመለሱ ወደ ከፍተኛው ፍጥነት ማለፍ ይቻላል። በጠቅላላው ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ አብሹ ከነበረበት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ኩፍ ብሎ ይነጣል። ነጭ የሚሆነው ውስጡ የገቡት እጅግ ደቃቅ የአየር አረፋዎች ብርሃንን ስለሚበትኑት ነው፤ ስለዚህ ቀለሙ ምን ያህል አየር እንደያዘ የሚነግረን መለኪያ ነው ማለት ይቻላል። መምቻውን ስታነሡ ተከትሎ የሚቆመው ጫፍ ሳይወድቅ ቢቆይ ለመድረስ ተቃርቧል። የመጨረሻው ፈተና ግን ጎረቤታችን ያስተማሩኝ ነው፤ ብርጭቆ ውሃ ቀድታችሁ በማንኪያ ጫፍ አንድ ጠብታ አብሽ ጣሉበት። ከሰመጠ ገና ነው፣ መምታት ይቀጥላል። ውሃው ላይ እንደ ጥጥ ከተንሳፈፈ ደርሷል። በዚህ ጊዜ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዳጣ ጨምራችሁ በማንኪያ በቀስታ አዋሕዱት።

መብራት ቢጠፋስ? በሐረርም በድሬዳዋም የሚያጋጥም ነገር ስለሆነ የእጅ መምቻ ከመሳቢያው አይጥፋ። በእጅ ሲመታ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሁለት ሰው እየተፈራረቀ ቢመታው ይቀላል። በእጅ የተመታው አረፋ ትንሽ ሻካራ ቢሆንም ጣዕሙ ከማሽኑ አያንስም፤ ሌሊቱን በሚገባ እስካደረ ድረስ።

ገበታ ላይ

መረቁን ከነስጋው በሸክላ ድስት ወይም ወፍራም ግርጌ ባለው ሳህን ላይ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ እንዲፈላ አድርጉና ከእሳት አውርዱት። የተመታውን አብሽ ሁለት ሦስተኛ ከላዩ ድፉና በማንኪያ ጀርባ አልብሱት፤ ክዳን ገጥማችሁ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። እሳት ላይ እያለ አብሹ ከተጨመረና አብሮ ከፈላ አረፋው ይሟሽሽና መረቁ ዝልግልግ ይሆናል። የቀረውን አንድ ሦስተኛ አብሽና የቀረውን ዳጣ ለየብቻ በትንንሽ ሳህን አቅርቡ፤ መጨመር የሚወድ ይጨምራል።

ሁልበት መረቅ የሚበላው በእንጀራ፣ በላሆህ (እንጀራ በሚመስል ለስላሳ ቂጣ) ወይም በትኩስ ዳቦ ነው። ለእኔ የሚስማማው ማሽላ የገባበት ላሆህ ነው፤ የማሽላው ትንሽ ጣፋጭነት ከአብሹ ጋር ይገናኛል። ማሽላ በዚህ አገር ገበታ ላይ ረጅም ዕድሜ አለው። በ1855 እ.ኤ.አ. ሐረርን የጎበኘው እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን ከአሚሩ ወጥ ቤት የቀረበለት ምግብ በኮምጣጣ ወተት የራሰና በርበሬ የተነሰነሰበት የማሽላ ቂጣ እንደነበረ ጽፏል። ላሆሁን በኤሌክትሪክ ምጣድ የምትጋግሩ ከሆነ አብሹን መምታት ከመጀመራችሁ በፊት ጨርሱ፤ ምጣዱ ብዙ ኃይል ስለሚስብ በአንዳንድ ቤት ሚክሰሩ ሲጨመር ቆጣሪው ይወርዳል፤ ወጥ ቤቱም ይሞቃል።

አብሽ ምግብም መድኃኒትም ሆኖ የኖረ ስለሆነ አንድ ማሳሰቢያ እጨምራለሁ። በብዛት ሲወሰድ የደም ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ ደም ከሚያቀጥኑ መድኃኒቶች ጋርም ላይስማማ ይችላል። የስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ እንግዶች ካሉና ነፍሰ ጡር እናቶች ካሉ አስቀድማችሁ ብትነግሯቸው፣ እነርሱም ሐኪማቸውን ቢጠይቁ ተገቢ ነው። ኦቾሎኒ ወይም ሽምብራ የማይስማማው ሰውም መጠንቀቅ አለበት፤ አብሽ የእነርሱ ወገን ነው። በማግሥቱ ላብ ላይ የሚሰማው ጣፋጭ ሽታ ግን ከአብሹ የሚመጣ ስለሆነ ማንንም ሊያሳስብ አይገባም።

ዕቃውን ስታጥቡ ሳህኑንና መምቻዎቹን ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሯቸው፤ የደረቀ አብሽ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የተረፈ መረቅ ለብቻው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። የተረፈ አብሽ ደግሞ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ሲያድር ግን አየሩን ስለሚለቅ ዝቅ ብሎ፣ ዳር ዳሩም ውሃ አቅርሮ ታገኙታላችሁ። ውሃውን ድፉት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃና ጥቂት ሎሚ ጨምሩና ሁለት ደቂቃ እንደገና ምቱት፤ ከዚያም በብርጭቆው ውሃ ላይ ዳግመኛ ሞክሩት።